ቅርጹ ከሥራው ነው፦ ስለ ብሪታንያ ገጠር አሮጌ የእርሻ ሕንፃዎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በብሪታንያ ገጠር ስለሚታዩት አሮጌ የእርሻ ሕንፃዎች የቀረቡ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ «ባርን» የምንለው ነዶ የሚከመርበትንና እህል የሚወቃበትን ሰፊ ቤት ሲሆን፣ «ጎተራ» የምንለው ደግሞ ተወቅቶ የተበጠረ እህል የሚቀመጥበትን ነው። ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ «ክረምት» የምንለውም የአውሮፓን የብርድ ወቅት ነው።

ጥያቄ፦ በኦክስፎርድሸር፣ ግሬት ኮክስዌል በተባለ መንደር የሚገኘውን ታላቅ ባርን ጎብኝቼ ነበር። ከውጭ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ በውስጡም ዓምዶች በሁለት ረድፍ ቆመውበታል። እህል ለማስቀመጥ ይህን ያህል ስፋትና ጥበብ ለምን አስፈለገ? በሮቹስ ስለ ምን እንዲህ ረጃጅም ሆነው ፊት ለፊት ተሠሩ?

መልስ፦ ስፋቱን ለመረዳት ወደ ውስጥ ይገባ የነበረው የተበጠረ እህል ሳይሆን ነዶ እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ማሳ ስንዴ ተወቅቶ ሲያልቅ ፍሬው ጥቂት ጆንያ ብቻ ይሞላ ይሆናል፤ ከነአገዳው ታጭዶ በነዶ ሲታሰር ግን እስከ ጣራ የሚደርስ ክምር ይወጣዋል። የብሪታንያ ሰማይ ደግሞ ዝናቡን የሚያቋርጥበት ወቅት ስለማይታወቅ፣ አዝመራውን በሜዳ አውድማ ላይ ከምሮ ፀሐይ እየጠበቁ መውቃት የማያስተማምን ነገር ነበር። ስለዚህ በነሐሴና በመስከረም ግድም የታጨደው አዝመራ በሙሉ ወደ ጣራ ሥር ገብቶ ክረምቱን ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ይወቃ ነበር። ባርኑ መጋዘንም የሥራ ቤትም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎበኙትን ባርን በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያሠሩት የቦሊዩ ገዳም መነኮሳት ናቸው። ሲስተርሲያን የተባለው የካቶሊክ ምንኩስና ሥርዓት ተከታዮች የነበሩት እነዚህ መነኮሳት ገዳማቸው በሃምፕሸር ቢሆንም፣ ንጉሥ ጆን በፋሪንግዶን አካባቢ የሰጣቸው ሰፊ ርስት ነበራቸው፤ የዚያ ርስት አዝመራ የሚሰበሰበው እዚህ ነበር። ሕንፃው 46 ሜትር ያህል ርዝመት፣ 13 ሜትር ያህል ወርድና 15 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። ይህን ስፋት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በአንድ አግዳሚ እንጨት መሸፈን ስለማይቻል፣ አናጢዎቹ በውስጥ ኦክ ከተባለው ጠንካራ ዛፍ የተሠሩ ሁለት ረድፍ ምሰሶዎች አቆሙና የጣራውን ክብደት በእነርሱ ላይ አሳረፉት፤ ከምሰሶዎቹ ወዲያና ወዲህ ያሉት ጎኖች ደግሞ በዝቅተኛው የጣራ ክፍል ተሸፈኑ። ቤተ ክርስቲያን የመሰለዎት እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ሠሪዎችም ሰፊ ጣራን የመሸከሙን ችግር የፈቱት በዚሁ ዘዴ ስለ ነበር ነው። ምሰሶዎቹ የቆሙባቸውን የድንጋይ መደቦች አስተውለው ከሆነ ቁመታቸው ከሰው ይበልጣል። እንጨቱ ከመሬት እርጥበት ርቆ ሰባት መቶ ዓመት ሳይበሰብስ የቆየው በእነዚህ መደቦች ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሮቹ ረጃጅም የሆኑት ነዶ እስከ አናቱ የተጫነበት ጋሪ እንዲያስገቡ ነው። ፊት ለፊት የተሠሩበት ምክንያት ግን ከዚህ ያልፋል። በሁለቱ በሮች መካከል ያለው ወለል አውድማ ነበር፤ በጣውላ ወይም በተደለደለ አፈር ይሠራል። ወቂዎቹ በረጅም እጀታ ጫፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ አጭር ዱላ ይዘው፣ በተዘረጋው ነዶ ላይ ተራ በተራ ያሳርፉበታል። ፍሬው ከአገዳው ሲለይ ገለባው ይነሣና ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ። ነፋሱ ከአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ እህሉን ወደ ላይ እየበተኑ ያዘሩታል፤ እብቁ በነፋሱ ይሄዳል፣ ፍሬው ከወለሉ ይቀራል። በበሩ ግርጌ፣ በሁለቱ መቃኖች ላይ የተቦረቦረ ጎድጎዳ መስመር ካዩ፣ በወቃ ጊዜ ፍሬው እንዳይፈናጠር ዶሮና አሳማም እንዳይገባ ጣውላ የሚሰካበት ቦታ ነው። በግድግዳው ላይ ያሉት ቀጫጭን ክፍተቶችም ለጌጥ አልተተዉም። እርጥበት ያለው ነዶ ታፍኖ እንዳይግል አየር ያስገባሉ። በብዙ ባርኖች የጣራ ጫፍ ሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ጉጉት ገብታ አይጥ እንድትይዝ ሆን ተብላ የተተወች ናት።

አንድ ነገር መታረም ይኖርበታል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ታላቅ ባርን ሁሉ የአሥራት ማከማቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። አሥራት በእርግጥ በዓይነት ይሰበሰብ ነበር፤ የየአጥቢያው ገበሬ ከአዝመራው ከአሥር አንዱን ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥ ኖሮ፣ በ1836 በወጣው ሕግ ክፍያው ወደ ገንዘብ ተለውጧል። ይሁን እንጂ ከታላላቆቹ መካከል ብዙዎቹ የባለርስቱን የራሱን አዝመራ የያዙ ነበሩ። ግሬት ኮክስዌል የመነኮሳቱ ነበር፤ በለንደን ምዕራብ ጫፍ፣ በሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚገኘውንና 58 ሜትር የሚረዝመውን የሃርመንድስዎርዝ ባርን ደግሞ በ1426 ገደማ ያሠራው የቦታው ባለርስት የነበረው ዊንቸስተር ኮሌጅ የተባለው ትምህርት ቤት ነው።

ጥያቄ፦ የምንከራየው የገበሬ ቤት አጠገብ ባለው ባርን ውስጥ ምንም የማይገባባቸው ባዶ ቀዳዳዎች ያሏቸው አሮጌ እንጨቶች አሉ። የአካባቢው ሰዎች እንጨቱ ከፈረሰ መርከብ የመጣ ነው ይላሉ። እውነት ይሆን? ዕድሜውንስ እንዴት ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ የመርከቡ ታሪክ ከባሕር እጅግ በራቁ አውራጃዎች ጭምር ይነገራል፤ እውነት ሆኖ የሚገኘው ግን ከስንት አንዴ ነው። በየመንደሩ ጫካ ኦክ ቆሞ ሳለ ከባድ ግንድ ከወደብ ተነሥቶ በዚያ ዘመን መንገድ በጋሪ የሚጎተትበት ምክንያት አልነበረም። ከዚህም በላይ አናጢዎቹ ኦክን የሚሠሩት እርጥብ ሳለ ነበር፤ ኦክ ከደረቀ በኋላ መሣሪያ አያስነካም ማለት ይቻላል። ባዶ ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው የሚያመለክቱት እንጨቱ ቀድሞ በሌላ ቤት ወይም በሌላ ባርን ውስጥ አገልግሎ እንደ ነበር ነው። ደህና ኦክ ውድ ነበርና አንድ ሕንፃ ሲፈርስ ምሰሶውና ወራጁ አይጣልም ነበር። መርከብ የሚያስመስሉት የጎበጡ እንጨቶችም ጎብጠው ያደጉ ዛፎች ናቸው፤ አናጢው ጫካ ወርዶ ለሚፈልገው ቅርጽ የሚስማማውን ይመርጥ ነበር። በዉስተርሸር የሚገኘው የሊይ ኮርት ባርን የዚህ ጥበብ ትልቁ ምስክር ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለፐርሾር ገዳም መነኮሳት የተሠራው ይህ ባርን፣ ከመሬት ተነሥተው እስከ ጣራው ጫፍ በሚገናኙ ጥንድ ጥንድ የጎበጡ እንጨቶች የቆመ ሲሆን፣ በዚህ ስልት ከተሠሩት የብሪታንያ ሕንፃዎች ሁሉ ትልቁ ነው።

ባርኑ ውስጥ ሲገቡ አንድ መጋጠሚያ መርጠው በባትሪ ብርሃን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። ሁለቱን እንጨቶች የያዘው ብረት ሳይሆን የእንጨት ችንካር ነው። አናጢው ምላሱን፣ ማለትም በሌላው እንጨት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባውን ቀጭን ጫፍ፣ ሲበሳ ቀዳዳውን ከውጭኛው ቀዳዳ ጥቂት ያዛንፈዋል፤ ችንካሩ ሲመታ ምላሱን ወደ ውስጥ ይስበውና መጋጠሚያው ይጠብቃል፤ እርጥቡ ኦክ በየዓመቱ እየደረቀ ሲሄድ ደግሞ ችንካሩን አፍኖ ይይዘዋል። ከመጋጠሚያው አጠገብ በመሮ የተጫሩ የሮማ ቁጥሮች ሊያገኙ ይችላሉ። ክፈፉ በመጀመሪያ በሥራ ቦታው መሬት ላይ ተዘርግቶ ከተገጣጠመ በኋላ ተፈትቶ በሕንፃው ቦታ ላይ እንደ ገና ስለሚቆም፣ የትኛው እንጨት ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳውቁት እነዚህ ቁጥሮች ነበሩ። በኮምፓስ የተነደፈ ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ወይም በጧፍ ሆን ተብሎ የተተኮሰ የእንባ ጠብታ የመሰለ ጠባሳ ካገኙ ደግሞ፣ ብዙ አጥኚዎች እነዚህን ክፉ ነገርን ወይም እሳትን ለመከላከል የተደረጉ ምልክቶች እንደሆኑ ያምናሉ።

ዕድሜውን በተመለከተ እጅግ አስተማማኙ መንገድ የዛፍ ቀለበት ቆጠራ ነው። ባለሙያው ከምሰሶው እንደ እርሳስ የቀጠነ ናሙና ቦርቡሮ ያወጣና የቀለበቶቹን ወፍራምና ቀጭን ቅደም ተከተል ዓመታቸው ከታወቁ ናሙናዎች ጋር ያመሳክራል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ቀለበት ሳይጠፋ ከቆየ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት በትክክል ይገኛል። የቴምፕላር ባላባቶች (የመስቀል ጦርነት ዘመን መነኮሳት ወታደሮች) በኤሴክስ ባሠሩት በክሬሲንግ ቴምፕል የሚገኙት የገብስና የስንዴ ባርኖች የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ምርመራ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፦ ናሙናው ከሌላ ቤት ከመጣ እንጨት ከተወሰደ የሚነግረን የዚያኛውን ቤት ዕድሜ ነው።

ጥያቄ፦ በዮርክሸር ዴልስ ሸለቆዎች በየማሳው ውስጥ አንድ አንድ የድንጋይ ቤት ብቻውን ቆሞ ይታያል። ገበሬው ሁሉንም በመኖሪያው አጠገብ ቢሠራቸው አይሻልም ነበር?

መልስ፦ ጥያቄዎ የነገሩን ፍሬ ነክቷል፤ ቤቶቹ የተበተኑት ድካም ለመቀነስ ነውና። በስዌልዴልና በዌንስሊዴል ሸለቆዎች የሚበቅለው በዋናነት ሣር ነው። ገበሬው በበጋ የመስኩን ሣር አጭዶ ድርቆሹን በዚያው መስክ ባለው ቤት ውስጥ ይከምረዋል። ክረምት ሲገባ ጥቂት ላሞች ከድርቆሹ ጎን ባለው ጋጣ ይታሰራሉ፤ እርሱም በየቀኑ ከቤቱ እየሄደ ያበላቸዋል፣ ውኃ ያጠጣቸዋል፣ ፍጉን ይጠርጋል። በጸደይ ፍጉ በዚያው መስክ ላይ ይበተናል። ድርቆሽም ፍግም ሩቅ አይጓዝም፤ የሚጓዘው ሰውዬው ብቻ ነው። በበረዶ ቀን በየቤቱ እየዞረ የሚያበላው ሰው ምን ያህል ይደክም እንደ ነበር ሳስብ ለእነዚህ ትናንሽ ሕንፃዎች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ግድግዳቸው በድንጋይ ካብ የተሠራ ነው፤ ሁለት ካብ ጎን ለጎን ይወጣና መካከሉ በጠጠር ይሞላል፤ ሁለቱን የሚያስተሳስሩት ረጃጅም ድንጋዮች በውጭ በኩል በመስመር ጎልተው ስለሚቀሩ የሕንፃው መለያ መልክ ሆነዋል። አብዛኞቹ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ሲሆኑ፣ ዛሬም በሺህ የሚቆጠሩ ቆመዋል። የከብት አያያዝ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲለወጥና ከብቱ በአንድ ትልቅ ዘመናዊ በረት ሲሰበሰብ ግን አብዛኞቹ ሥራ ፈቱ፤ የጣራ ድንጋያቸው አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ወራጁ ይበሰብሳል፣ ካቡም ብዙ አይቆይም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ አሠራርም ነበር። በዳርትሙር ከፍተኛ ሜዳና በዌልስ ሰውና ከብት በአንድ ረጅም ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር። ቤቱ በተዳፋት ላይ ቁልቁል ይዘረጋል፤ ላይኛው ጫፍ የሰው፣ ታችኛው የከብት ነው፤ በመካከላቸው ቤቱን አቋርጦ የሚያልፍ መተላለፊያ አለ። ጋጣው ከታች መሆኑና ወለሉን መሐል ለመሐል የሚሰነጥቅ ቦይ መኖሩ እጣቢው ወደ ሰው ክፍል እንዳይመጣ ያደርጋል። በዳርትሙር የሚገኘው ሃየር አፓኮት ጋጣው ሳይለወጥ ከቆዩት ጥቂቶች አንዱ ነው። በስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት፣ በአርኖል መንደር የሚታየው የሣር ክዳን ቤትም የዚሁ ዘመድ ነው። ጭስ ማውጫ የለውም፤ የፒት (ተቆፍሮ የሚደርቅ የረግረግ አፈር) እሳቱ በክፍሉ መካከል ይነድድ ነበር፤ ከ1880ዎቹ ገደማ አንሥቶ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሰዎች ከከብቶቻቸው ጋር ኖረውበታል።

ጥያቄ፦ በኖርዘምበርላንድ ከባርን ጀርባ የተለጠፈ ክብ ቤት አይቻለሁ። ኬንት ውስጥ ባለ ነጭ ቆብ ክብ ቤቶች ከሚታዩት ጋር አንድ ዓይነት ናቸው?

መልስ፦ ክብነታቸው ብቻ ነው የሚያመሳስላቸው። የሰሜኑ ክብ ቤት የፈረስ ዙሪያ ነው። ስኮትላንዳዊው አንድሩ ሚክል በ1786 ገደማ ሥራ ላይ የዋለውን የመውቂያ ማሽን ከፈጠረ በኋላ ማሽኑን የሚያዞር ኃይል አስፈለገ፤ ፈረሶቹ በክብ ቤቱ ውስጥ ሲዞሩ ከላያቸው ያለው ትልቅ ጥርሳም ጎማ በግድግዳው ቀዳዳ በሚያልፍ ዘንግ አማካይነት በባርኑ ውስጥ ያለውን ማሽን ያንቀሳቅስ ነበር። ጥቂት አሥርት ዓመታት ቆይቶ በብዙ ቦታ የእንፋሎት ሞተር ፈረሱን ተካው፤ በደቡብ ምሥራቅ ስኮትላንድ እርሻዎች መካከል ብቻቸውን ቆመው የሚታዩት ረጃጅም የጡብ ጭስ ማውጫዎች የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው።

ይህ ማሽን በደቡብ እንግሊዝ ብዙ ሐዘን አስከትሏል። ክረምቱን በመውቃት የሚተዳደሩት የቀን ሠራተኞች ብቸኛ የክረምት ሥራቸውን ሲነጠቁ፣ በ1830 ከኬንት ተነሥቶ በየአውራጃው በተዛመተ አመፅ ማሽኖቹን ሰባበሩ፣ ክምሮችንም አቃጠሉ። መንግሥት 19 ሰዎችን ሰቅሎ ከ400 በላይ የሚሆኑትን ወደ አውስትራሊያ አጋዘ። በባርን ውስጥ የተለበጠ የመውቂያ ወለል ስንመለከት በዚያ ላይ የነበረውን እንጀራ አብረን ልናስብ ይገባል።

የኬንቶቹ ክብ ቤቶች ግን ለቢራ የሚሆነውን የሆፕስ አበባ ማድረቂያዎች ናቸው። ከታች ከሰል ይነድዳል፤ አበባው ክፍተት ባለው የእንጨት ወለል ላይ፣ ከፈረስ ፀጉር በተሠራ ጨርቅ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ትኩሱ አየር በሾጣጣው ጣራ ተስቦ ይወጣል። ነጩ ቆብ ከነፋሱ ጋር እየተሽከረከረ ጀርባውን ለነፋስ ስለሚሰጥ ዝናብ አይገባም፣ ጢሱም አይመለስም። ክቡ ቅርጽ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተስፋፋው ሙቀቱን እኩል ያዳርሳል ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ባለአራት ማዕዘኑም እንዲሁ እንደሚሠራና ለመሥራትም እንደሚቀል ስለ ታየ ብዙዎች ወደዚያው ተመለሱ።

ጥያቄ፦ በየመንደሩ በቤት ደጃፍ የሚቀመጡት የእንጉዳይ ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ምንድን ናቸው?

መልስ፦ የጎተራ እግሮች ናቸው። የተበጠረው እህል የሚቀመጥበት የእንጨት ጎተራ በእነዚህ ላይ ተነሥቶ ይቆም ነበር። አይጥ በእግሩ ብትወጣም ወደ ውጭ የሚዘረጋውን ክብ ድንጋይ ከሥር ይዛ መዞር አትችልም፤ ከመሬት መነሣቱም እህሉን ከእርጥበት ይጠብቃል። ጎተራዎቹ ሲፈርሱ ድንጋዮቹ ለአትክልት ቦታ ማስጌጫ ተሸጡ። በቦታቸው ሆነው ጎተራ እንደ ተሸከሙ ካገኟቸው ግን ሳያዩአቸው አይለፉ።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር በዴቨን የጭቃ ግድግዳ ያለው አሮጌ ባርን ገዝተን መኖሪያ ልናደርገው አስበናል። ሕጉ ይፈቅዳል? ልንጠነቀቅበት የሚገባውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። በእንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ የእርሻ ሕንፃን ሙሉ የግንባታ ፈቃድ ሳይጠየቅ፣ ከአካባቢው ባለሥልጣን ቅድመ ስምምነት በማግኘት ብቻ ወደ መኖሪያ ለመለወጥ የሚያስችል ደንብ አለ፤ ይህ ደንብ ግን የተመዘገቡ ሕንፃዎችን አይመለከትም፣ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥም አይሠራም። በዴቨን ሰፊው የዳርትሙር ክፍል ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ይህን አስቀድሞ ማጣራት ግድ ነው። የተመዘገበ ሕንፃ ከሆነ ለውጥ ሁሉ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ መነካካት በወንጀል ያስጠይቃል። ባርኑ ራሱ ባይመዘገብ እንኳ፣ የተመዘገበ የገበሬ ቤት ግቢ አካል ከሆነና ከሐምሌ 1 ቀን 1948 በፊት ከተሠራ ጥበቃው ሊያካትተው ይችላል። ደንቡ የሚፈቅደው ያለውን ሕንፃ መለወጥን እንጂ አፍርሶ እንደ ገና መሥራትን አለመሆኑንም ፍርድ ቤት በ2016 አጽንቶታል። የሌሊት ወፍ ወይም ጉጉት የሚኖሩበት ከሆነ ደግሞ እነርሱም በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለሙያ ይመርምረው።

ግድግዳውን በሚመለከት ምክሬ አጭርና ጥብቅ ነው፦ ሲሚንቶ አያስነኩት። የዴቨን ጭቃ አፈር፣ ገለባና ውኃ ተረግጦ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ በየድርብርቡ እየደረቀ የወጣ ነው። ከሥርና ከላይ ደረቅ ሆኖ እስከ ተጠበቀ ድረስ ለዘመናት ይቆማል፤ የሚስበውንም እርጥበት መልሶ ይተነፍሰዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ግን ውኃው በስንጥቁ ገብቶ መውጫ ያጣል፤ ከውጭ ምንም ሳይታይ ግድግዳው ከውስጥ ይለሰልስና አንድ ቀን ይናዳል። ልስኑም ሆነ መጋጠሚያው በኖራ ይሁን። ዊልያም ሞሪስ በ1877 ያቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ይህን ዓይነቱን ጥገና ሲያስተምር ዘመናትን አሳልፏል፤ ምክር ለሚፈልግም በሩ ክፍት ነው።

የሕንፃውን ውስጥ በተመለከተ፣ በእኔ እምነት ባርንን ባርን የሚያደርገው ከወለል እስከ ጣራ ያልተቋረጠው ባዶ ቦታ ነው። ሁሉንም በፎቅና በክፍል ከከፋፈሉት የሚቀረው የድሮ ቅርፊት ብቻ ነው። ቢያንስ የአውድማውን ክፍል እስከ ጣራው ክፍት ይተዉት፤ የትልልቆቹን በሮች ቦታ በመስታወት ቢዘጉት ብርሃን በበቂ ስለሚገባ ጣራውን በመስኮት መብሳት አያስፈልግም። የሚገዙት ፊቱ ክፍት የሆነው፣ ከታች ከብት ከላይ ድርቆሽ ይይዝ የነበረው የዴቨን በረት ከሆነ ደግሞ የፊቱን ምሰሶዎች በግድግዳ አይደብቁ፤ መስታወቱን ከምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ስበው ይትከሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የአናጢ ምልክቶችን፣ የጋጣ ማሰሪያዎችንና በግድግዳው ላይ የተጫሩ ጽሑፎችን ሁሉ ለክተውና ፎቶግራፍ አንሥተው አንዱን ቅጂ ለአውራጃው የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ይስጡ።